ቀሪ የሌለው ክፍል

ሸዋወርቅ ገብረወልድን በልመና የረታ ተማሪ የለም። የሚሞክረው ግን ብዙ ነበር። ጧት ጧት በሪከርድ ክፍሉ ጠባብ መስኮት ፊት ትናንት የቀሩት ሁሉ ተሰልፈው አክስታቸውን ይቀብራሉ። "አክስቴ አርፋ ነው እትዬ ሸዋ፤ ይቺን አንዲት ምልክት ብቻ ያጥፉልኝ" ይላል አንዱ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እሷ ካርዱን ገልጣ ታያለች። "በጥቅምትም አንድ አክስት ቀብረሃል። በኅዳርም አንድ። ለመሆኑ አያትህ ስንት ሴት ወለዱ?" ትለዋለች። ከኋላ የተሰለፉት ይስቃሉ፤ ምልክቱ ግን አይጠፋም።

ይህ በ1983 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ፣ እሷው ራሷ በተማረችበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ "እትዬ" ከሚሏት ተማሪዎች አንዳንዶቹ እኩዮቿ ናቸው። ዞር ስትል ግን ስሟ "ወይዘሪት ቀሪ" ነው። ልቧ ድንጋይ ነው ይላሉ። ይበሉ፤ ተማሪ ምን የማይለው አለ! እኔ የምለው ግን ማንም ሰው ልበ ድንጋይ ሆኖ አይወለድም ነው። እሷን ያደነደናት ከረቡዕ እስከ እሑድ ያለ አምስት ቀን ነው።

ነገሩ የሆነው በ1981 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ሸዋወርቅ ያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ክፍሏ "አሥራ አንድ ሰባት" ይባላል። ሰማንያ ሦስት ተማሪዎች፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው፣ በጧት ፈረቃ ይማሩበታል። የናዝሬት ንፋስ መቼም ሰው አይፈራም፤ በተሰበረው መስኮት አቧራውን እያስገባ ደብተሩን ሁሉ ያለብሰዋል። ሁሉም ደብተሩን አራግፎ እስኪጨርስ ድረስ መምህሩ ጠመኔ አያነሳም ነበር። በዕረፍት ሰዓት ግራሩ ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፤ የተማሪዎቹ ሚኒ ሚዲያ ነው። ወዲያ የኪነት ቡድኑ ለበዓል የሚያሳየውን ጭፈራ ይለማመዳል፤ ወዲህ የመረብ ኳስ ሜዳው ዙሪያ ጩኸት ነው። ሦስት ሺህ ተማሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲንጫጫ የመናኸሪያው ጥሩንባ እንኳ አይሰማም።

ሸዋወርቅ የክፍል አለቃ ሆና የተመረጠችው ጽሕፈቷ ስለሚያምርና ብዙ ስለማትናገር ነው። የአለቃ ሥራዋ ደግሞ ይኸው ነበር፦ ጧት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የስም ወረቀቱን ይዛ በየዴስኩ እያየች፣ ለመጣ ጭረት፣ ለቀረ "ቀ" ታደርጋለች። ከዚያ ወረቀቱን የፈረቃውን ተማሪዎች ለሚቆጣጠሩት ለዩኒት ሊደሩ ለአቶ ኃይለየሱስ ታስረክባለች።

የተመረጠች ቀን እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ እልል አላሉም። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን አቁመው አጠገባቸው አስቀመጧት። ታናሽ ወንድማቸው ገሠሠ በዚያው ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ በ1970 ዓ.ም. ስሙ ከአንድ ወረቀት ላይ ተገኝቶ ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አልታወቀም። የንባብ ክበብ ዝርዝር ነው ያሉ አሉ፤ ሌላ ነው ያሉም አሉ። ማን እንደጻፈው ግን ታውቋል። የክፍል አለቃው ነው። ገሠሠ ተወስዶ አልተመለሰም፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። ወይዘሮ በላይነሽ ወንድማቸውን ያለቀሱት የስፌት መኪናውን እየረገጡ፣ ድምፁ ለቅሷቸውን እየሸፈነላቸው ነው።

"ስሚኝ ልጄ" አሏት። "ሰው የሚያስጠይቅ ምልክት በሰው ስም ፊት አታድርጊ። ወረቀት አፍ የለውም ሲሉሽ እንዳታምኚ፤ ያናገሩት ቀን ይናገራል።"

ልጅቱ ቃሏን ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን የሰው ስም አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ በየትኛውም ክፍል ወዳጅ አልነበረውም። የአሥራ አንድ ሰባት ልጆች ጓደኛቸው የቀረ እንደሆነ፣ ሦስቱ ጉልበታቸውን ከፈት አድርገው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው የአራት ሰው ዴስክ ይሞላሉ። ሸዋወርቅም አይታ እንዳላየች ጭረቷን ታደርጋለች። ደግነት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ደግነቱ አልፎ ተርፎ ሽልማት አመጣ። በጥቅምት መጨረሻ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ ወጥተው፣ በሁለት ወር አንድም ቀሪ ያልተገኘበት ክፍል አሥራ አንድ ሰባት ነው ብለው አወጁ። ሽልማቱ አዲስ መረብ ኳስ ነበር። ክፍሉን ወክሎ ኳሱን የተቀበለው ደሊል ነው፤ ያን ዕለት ጧት አርፍዶ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የገባው ደሊል። የአሥራ አንድ ሰባት ልጆች ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። ሸዋወርቅም ሳቀች። ከዚያ በኋላ እንደዚያ መሳቋን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ደሊል ረጅም ቀጭን ልጅ ነው። ለኳስ ሲዘል ከመረቡ በላይ እስከ ደረቱ ይታያል። በሚኒ ሚዲያ የሚናገረውም እሱ ነበር፤ የክፍሎቹን ግጥሚያ ውጤት ያነባል፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ብሎ ይመክራል፣ የራሱ እጅ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አባቱ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ፤ መኪናቸው በረሃ ላይ ተገልብጦ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል። እናቱ ወይዘሮ ቀመሪያ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የቀሩ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመቸርቸር አንድ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ደሊል ረቡዕ ረቡዕ ሌሊት ተነስቶ መቂ ይወርድና ሽንኩርት ጭኖላቸው ይመለሳል። ቢቀናው ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል፤ ካልቀናው ጓደኞቹ ጉልበታቸውን ይከፍታሉ።

ትወደው ነበር ወይ? ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ቤታቸው ግን አንድ መንደር ነው፤ ከእሷ በር እስከ እሱ በር አራት ቤት ቢሆን ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አብረው ይሄዳሉ፤ እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች።

በኅዳር መጀመሪያ አቶ ኃይለየሱስ ደሊልን ለሦስተኛ ጊዜ አርፍዶ ሲገባ በር ላይ ያዙት። የተማሪነት መታወቂያውን ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። "ወላጅ ሳታመጣ ይህችን አታያትም። ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትቀር ደግሞ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናበትክ" አሉት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሦስት ሺህ ተማሪ በፍቅር ብቻ አይተዳደርም። ደሊል ለእናቱ አልነገራቸውም። ሥራቸውን ጥለው እንዳይመጡ አዝኖላቸው ነው። ለሸዋወርቅ ግን ወደ ቤት ሲሄዱ ነገራት።

"አይዞህ" አለችው። "እኔ እያለሁ ቀሪ አትባልም።"

በሚቀጥለው ረቡዕ ደሊል አልመጣም። ጭረት አደረገችለት። ሐሙስም አልመጣም። ሐሙስ ቀርቶ ስለማያውቅ ብዕሯን ይዛ ትንሽ ቆም አለች። ሽንኩርቱ አልደረሰ ይሆናል፤ መቂ አክስቱ ዘንድ ያድር የለ፣ ብላ ጭረቷን አደረገች። አርብም እንዲሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አቶ ኃይለየሱስ ከክፍል አስጠሯት። በሩ ላይ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አለ። ባለጋሪው ገርባ አንገቱን ደፍቶ ልጓሙን ይዟል፤ ወይዘሮ ቀመሪያ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል።

ገርባ ሁሉን አይቷል። ረቡዕ ጧት ደሊል ከመቂ መጥቶ መናኸሪያው ላይ ሲወርድ፣ አፈሳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ቁጥር ሊሞሉ የቀበሌ ጠባቂዎች በሩን ዘግተው ወጣት የተባለውን ሁሉ ይሰበስባሉ። "ተማሪ ነኝ" ቢል "መታወቂያህን" አሉት። መታወቂያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ደሊል ሲነዱት ጆንያውን ወደ ገርባ ጋሪ ገፍቶ "ለእናቴ አድርስልኝ" አለ። ገርባ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያውን ቤቱ ደብቆ ቆየ።

"ሶዳዼ እማማ ቀመሪያ፤ ፈራሁ" አለ፣ እንባ እየተናነቀው። "ማን ሰጠህ ብለው እኔንም ይወስዱኛል ብዬ ፈራሁ።"

ወይዘሮ ቀመሪያ አልተቆጡትም። እሳቸውም ልጄ መቂ አድሯል ብለው ሁለት ሌሊት እንቅልፋቸውን ተኝተዋል። ዞረው የአቶ ኃይለየሱስን እጅ ያዙ። "ተማሪ ነው በሉልኝ የኔ ጌታ። አንዲት ወረቀት ብቻ። በአላህ ይሁንብዎ!"

አቶ ኃይለየሱስ መሳቢያቸውን ከፍተው መታወቂያውን አወጡ። ያን ጊዜ የሚያስቡትን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ቶሎ ብለው ደብዳቤ ጻፉ፣ ማኅተም መቱ። በዚያ ሰሞን የሐሰት የተማሪነት ደብዳቤ በዝቶ ስለነበር፣ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ያላያያዘ ሰው ቀበሌ ድረስ መድከም አያስፈልገውም ነበር። አቶ ኃይለየሱስ የአሥራ አንድ ሰባትን ወረቀቶች ከመደርደሪያው አንስተው አብረው አያያዙ። አላገላበጧቸውም፤ ቀሪ የሌለው ክፍል ምን ያገላብጡታል? "አንቺም ነይ፤ አለቃዋ ነሽ፣ ክፍሌ ውስጥ ነው የሚማረው ትያለሽ" አሏት።

በመንገድ ላይ ሸዋወርቅ ልቧ አልከበዳትም። እንዲያውም ደስ ብሏታል። ወረቀቱ ላይ በደሊል ስም ፊት አንድም "ቀ" የለም። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? አላጠፋሁትም፣ አላስጠየቅሁትም፣ ደግ አደረግሁ ትላለች በሆዷ። እርምጃዋን ከወይዘሮ ቀመሪያ ጋር ለማስተካከል ትሮጥ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ግቢ በሽቦ የታጠረ ነው። ከሽቦው ውስጥ የተሰበሰቡት ልጆች ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ደሊል ከሩቅ አያቸውና ዘሎ ተነሳ። እናቱን እጅ ነሳ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሸዋወርቅ ጮኸ።

"ሸዋ! ቀሪ አላልሽኝም አይደል?"

"አላልኩህም!" አለችው።

ፈገግ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ያስጨነቀው ይሄው ነበር፤ ከትምህርት ቤት መባረር። ጠባቂው "ተቀመጥ!" ብሎ ሲቆጣው እንኳ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤውን አነበበ፤ መታወቂያውን አገላበጠ። "ጥሩ ነው ጓድ ኃይለየሱስ" አለ። ከዚያ ከሥር የተያያዘውን ወረቀት ገልጦ ጣቱን በመስመሩ ላይ ጎተተ። ጣቱ ቆመ።

"እስቲ ይህን ያንብቡልኝ" አለ። "ረቡዕ፣ አለ። ሐሙስ፣ አለ። ዛሬ አርብ፣ አለ። ደሊል የሚባለው ተማሪያችሁ በአሁኑ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይማራል ማለት ነው። እኔ ጋ ከረቡዕ ጀምሮ ያለው ታዲያ ማነው?"

አቶ ኃይለየሱስ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። "ስህተት ይኖራል ጓድ" አሉ።

"ስህተት ካለበት ቀሪውንስ ምን ብዬ ልመነው? ተማሪ ነው የሚለውም ስህተት ይሆናላ! ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። ማነው ይህን የሞላው? እሱንም እንፈልገዋለን።"

ሸዋወርቅ ከወይዘሮ ቀመሪያ ኋላ ቆማ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። እሷ ነች የጻፈችው፤ ልጁ እዚያ ሽቦው ውስጥ ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የቀረው። ግን የአጎቷ የገሠሠ ነገር መጣባት፤ የእናቷ ቃል መጣባት። አንገቷን ደፍታ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ማየት ጀመረች። አቶ ኃይለየሱስ ዞር ብለው አዩዋትና ፊታቸውን መልሰው "አጣርተን እንመጣለን" አሉ።

ወይዘሮ ቀመሪያን አጽናንተው ወደ ቤታቸው ከሸኙ በኋላ፣ አቶ ኃይለየሱስ ግራሩ ሥር አቆሟት። "ነገ ጧት ቢሮ ነይ። የሆነውን ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለኔ ተይው፤ እኔ አለሁ" አሏት። ሳይቆጡ ነው የተናገሯት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ማታ ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ሐሰተኛ ሰነድ የሠራሁ እኔ ነኝ ብለሽ ልትፈርሚ? ገሠሠን እንኳ የጻፈው ሌላ ሰው ነበር፤ አንቺ ራስሽን በእጅሽ ልትጽፊ?" አሉ። ከዚያ ቁጣቸው አለቀና ቁጭ ብለው አለቀሱ። "የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ልጄ፣ አንድ ነሽ። አሞሻል፤ ተኚ። ሰኞ ይደርሳል።"

ቅዳሜን ሙሉ ተኛች። በሩ መቀርቀሪያ ብቻ ነው ያለው፤ የሚከፈተውም ከውስጥ ነው። ማንም አልያዛትም። ከዚያ ወዲህ ሸዋወርቅ ብዙ ነገር ብትረሳም ያንን መቀርቀሪያ አልረሳችውም። አቶ ኃይለየሱስ ቢሯቸውን ከፍተው እስከ እኩለ ቀን ጠብቀዋታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሞጆ መንገድ ሦስት ካሚዮኖች አለፉ። ልጆቹ ቆመው ተጨናንቀዋል፤ እየዘፈኑ ነው፣ ዘፍኑ ተብለው። ደሊልን በመካከላቸው ትየው አትየው እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። በቁመቱ መለየት ነበረበት። ግን አቧራው ብዙ ነበር።

ሰኞ ጧት የቀበሌው አዳራሽ ተጠርጎ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተቀምጦበት ነበር፤ ልጆቹ የሉም። ሸዋወርቅ አቶ ኃይለየሱስ ቢሮ ገብታ ወረቀት ለመነች። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ የሆነውን ሁሉ ጻፈች፤ ፈረመች። "ለማን ልላከው?" አሏት አቶ ኃይለየሱስ። ደግመው ስለ ነገሩ አላነሱባትም። ወረቀቱን መታወቂያው በነበረበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

በጥር ከደሊል አንድ ደብዳቤ መጣ። ወይዘሮ ቀመሪያ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ልከው "ሸዋወርቅ ትምጣና ታንብብልኝ" አሉ። አልሄደችም። ፈተና አለብኝ አለች። ያነበበላቸው ሌላ የክፍል ጓደኛ ነው፤ እሱም ክፍል ውስጥ ነገራት። "ሸዋ ቀሪ አላለችኝም፤ ስለዚህ አልተባረርኩም፤ ስመለስ ከዚያው ከአሥራ አንድ ሰባት እቀጥላለሁ" ይላል ደብዳቤው። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በሚኒ ሚዲያው ሌላ ልጅ ማንበብ ጀመረ፤ የሽልማቱ ኳስ በዓመቱ መጨረሻ ግራሩ እሾህ ላይ ወድቆ ተነፈሰ።

ሸዋወርቅ ከዚያ በኋላ የአለቃነቱን ሥራ እተዋለሁ ብትልም አልተፈቀደላትም። "ቀ" መጻፍ ጀመረች። ጓደኞቿ ጉልበታቸውን ከፍተው ቢቀመጡ "ዝጉ" ትላለች። አሥራ አንድ ሰባት በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ቀሪ ያለበት ክፍል ሆነ፤ እሷም ጓደኛ አጣች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ማትሪክ ተፈተነች፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣችም። ለሪከርድ ክፍል ጸሐፊ ሲፈለግ ስሟን ያቀረቡት አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። "ከእንግዲህ የሌለን ሰው አለ የማትል ሰው እሷ ብቻ ናት" አሉ ለዳይሬክተሩ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም።

ከወይዘሮ ቀመሪያ ትሸሽ ነበር። አራት ቤት ርቀት ላይ ያለን ሰው መሸሽ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጧት ሴትየዋ ደጃቸውን ሳይጠርጉ ትወጣለች። የገበያቸውን ጥግ ላለማለፍ ሰፈሩን ዞራ ትመለሳለች። ቤት ሽንኩርት ሲያልቅ ሌላ መንደር ሄዳ ትገዛለች። አንዳንዴ ድንገት ሲገናኙ ወይዘሮ ቀመሪያ "ደኅና ነሽ ልጄ?" ይሏታል፤ እሷ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ትፈጥናለች። ሴትየዋ ያን ዕለት አብራኝ መጣች ብለው በየጎረቤቱ ያመሰግኗት ነበር። ያ ምስጋና ከስድብ በላይ ነበር የሚያቃጥላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ሆዷም ፈጀው፣ አብሮ እሷንም።

እንዲህ እያለች ግንቦት 1983 ደረሰ። ጦሩ ተበተነ። ናዝሬት በእግረኛ ወታደር ተሞላች፤ ግማሹ ጫማ የለውም፣ ግማሹ የሲቪል ሸሚዝ ለምኖ ለብሷል። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰዉ በየደጃፉ ውሃና ቂጣ ይዞ ቆመ፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅማ።

ሸዋወርቅ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ አስረክባ ስትመለስ ወይዘሮ ቀመሪያን ዋናው መንገድ ዳር አየቻቸው። ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ባልዲ ውሃ አለ። ላለፈው ወታደር ሁሉ በጣሳ እየቀዱ ይሰጡና ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠብቀው ይጠይቁታል። "ከናዝሬት የሄደ ደሊል የሚባል ልጅ አታውቅም? ረጅም ነው።" ወታደሩ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጣሳውን ይመልሳል። ሌላው ይመጣል።

እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ማዶ ሊሻገር ነበር። ከዚያ ቆመች። ሰላሳ ያህል ወታደር እስኪያልፍ ቆማ አየቻቸው። ጥያቄውን ሰላሳ ጊዜ ሰማችው። ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች።

"እማማ ቀመሪያ" አለች። "ያን ጊዜ ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሳይመጣ መጥቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ማነው ሲል ዝም ያልኩት፣ ቅዳሜ ፈርሚ ስባል ተኝቼ የዋልኩት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ቀመሪያ ጣሳውን ባልዲው ውስጥ አስቀመጡት።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? እዚያው ቆሜ አልነበር? ሰውየው ወረቀቱን ሲያነብ እኔ ፊትሽን አነብ ነበር። ፊደል ባልቆጥር ፊት አላውቅም?" ቃላቸው የቁጣ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ቃል ነበር። "ልጅ ነሽ፤ ፈራሽ። ገርባም ፈርቷል። እኔም ብሆን ልፈራ እችላለሁ። መጥታ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁሽ። ደብዳቤውን አንብቢልኝ ብዬ የላኩብሽ የሚያነብ ሰው አጥቼ መሰለሽ? ሁለት ዓመት ተኩል፣ ለደሊል በሬን ገርበብ ሳደርግ ላንቺም ነበር።"

ሸዋወርቅ አለቀሰች። ሴትየዋ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከዚያ መንገዱን በአገጫቸው አሳዩአት።

"ደሊልስ ይሁን፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ ማን ያውቃል እግሩ ዝሎ ይሆናል። አንቺ ግን ልጄ፣ ከደጃፍሽ እስከ ደጃፌ ስንት እርምጃ ነው?"

አራት ቤት ነው። ወይዘሮ ቀመሪያ ፈቀቅ ብለው በአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁላት። አንድ ወታደር መጥቶ እጁን ዘረጋ። ሸዋወርቅ ዓይኗን ጠርጋ ጣሳውን አነሳች፤ ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ከናዝሬት የሄደ ደሊል የሚባል ልጅ አታውቅም?" አለችው። "ረጅም ነው።"